ከሞት በኋላ የሚቀረው ስልክ፦ መርዶ፣ ሐዘንና ውርስ በዲጂታል ዘመን



ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ትጥበቱ፣ ስለ ከፈኑና ስለ ቀብሩ ነው። ዛሬ ግን ከሟች በኋላ አንድ ተጨማሪ ነገር ይቀራል፤ ስልኩ። በስልኩ ውስጥ ስለ ዕዳ የተጻጻፈው መልእክት አለ። የቴሌብርና የባንክ ሒሳቡ አለ። የሌሎች ሰዎች ምስጢር አለ። ሰዎች ነገም ከነገ ወዲያም የሚያዩት ፎቶና ቪዲዮ አለ። ስልኩ ደግሞ ተቆልፏል፤ መክፈቻውን የሚያውቀው ሰው ወደ አኺራ ሄዷል።

ሞት አልተለወጠም። በሞት ዙሪያ ያለው ኑሯችን ግን ብዙ ተለውጧል። የሞት ዜና የሚደርሰን በስልክ ነው፤ ተዕዚያ የምናደርሰው በስልክ ነው፤ ውርሱም ከፊሉ በስልክ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የምንመለከተው ዑለሞቻችን ስለ ጀናዛ፣ ስለ ሐዘንና ስለ ውርስ ያስቀመጧቸው መሠረቶች በዚህ አዲስ ኑሮ ላይ እንዴት እንደሚያርፉ ነው። በየሰው ጉዳይ ላይ ፈትዋ መስጠት የሚችሉት ዑለሞች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ይዘን ወደ እነሱ ከመሄዳችን በፊት ነገሩን እንድንረዳው የሚያግዝ ነው።

መርዶ ከጥሩምባ ወደ ቴሌግራም

በከተሞቻችን የእድር ጥሩምባ ነፊ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገር ነበር። ከመስጂድም በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ለቅርብ ቤተሰብ ግን መርዶ የሚነገርበት ሌላ ሥርዓት አለ። እናት የልጇን ሞት ከመንገድ አትሰማም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ማን ይንገራት፣ መቼ ይነገራት ይባላል። ብዙ ጊዜ ንጋት ላይ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ እህትና ጎረቤት በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ በኋላ ይነገራታል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለባት ደግሞ ይህም ይታሰብበታል። ይህ ወግ ብቻ አይደለም፤ ለሰው ማዘን ነው።

አሁን የሆነውን እንመልከት። አንዲት ልጅ ጅዳ ወይም ቤይሩት በሥራ ላይ ሳለች ትሞታለች። አብራት የምትኖር ጓደኛዋ በድንጋጤ ፎቶዋን «ኢና ሊላህ» ብላ ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች። ክፋት የለባትም፤ አዝና ነው። ፎቶው ግን ደቂቃ ሳይሞላ ደሴ ያለች የአክስት ልጅ ጋ ይደርሳል። ከእሷ ወደ ሰፈሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ይሄዳል። እናት ምንም ሳታውቅ ቡና እያፈላች ሳለ ከጎረቤት ጩኸት ትሰማለች። ወይም ታናሽ ልጇ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ይመጣና «እማዬ፣ ይቺ እህቴ አይደለችም?» ይላታል።

ታዲያ ሞትን ማሳወቅ በሸሪዓ እንዴት ይታያል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በሞተበት ዕለት ሞቱን ለሰሓቦች እንደነገሯቸው፣ አሰልፈዋቸውም በአራት ተክቢራ እንደሰገዱበት ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ከሐበሻ ምድር እስከ መዲና ባለው ርቀት የተነገረው ያ የሞት ዜና ለኛ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የቅርብ ታሪካችን ነው። መስጂድ ታጸዳ የነበረች ሴት በሌሊት ሞታ ሳይነግሯቸው በተቀበረች ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለምን እንዳልነገሯቸው ጠይቀው፣ ቀብሯን አሳይተዋቸው ሰግደውባታል። ስለዚህ ሰው ለሶላትና ለቀብር እንዲመጣ፣ ዱዓ እንዲያደርግ፣ ዕዳ ያለው እንዲቀርብ ሞትን ማሳወቅ የተፈቀደ ነው።

በሌላ በኩል «ነዕይ» የሚባል የተከለከለ ማወጅም አለ። ከሑዘይፋ (ረ.ዐ) የተዘገበው ሐዲስ ስለዚህ ነው። ዑለሞች ሁለቱን ሲያስታርቁ የተከለከለው የጃሂሊያ ዘመን ዓይነቱ ነው ይላሉ፤ ማለትም በየመንደሩ እየጮኹ፣ የሟችን ዘርና ክብር እየቆጠሩ፣ ለዋይታና ለጉራ የሚደረገው። መሣሪያው ጥሩምባም ሆነ ቴሌግራም መለኪያው አንድ ነው፤ ለምን ተነገረ? እንዴትስ ተነገረ?

ከመለጠፋችን በፊት አራት ነገሮችን እንጠይቅ። መጀመሪያ፣ ወሬው ተረጋግጧል? ሁለተኛ፣ እናት፣ አባት፣ ባልና ሚስት፣ ልጆች ሰምተዋል? ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ እንዲለጠፍ ፈቅዷል? አራተኛ፣ የምንጽፈው ሰውን ወደ ሶላትና ዱዓ የሚጠራ ነው ወይስ ስለ ራሳችን የሚናገር? ከአራቱ አንዱ ካልተሟላ መቆየቱ ይሻላል። አንድ ሰዓት ብንዘገይ ሟች የሚያጣው ነገር የለም። እናት ግን በዚያች ሰዓት ውስጥ መርዶዋን በወጉ የመስማት መብቷን ታገኛለች።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ትንሽ እንጨምር። የታወቁ ዑለሞች «ሞቱ» ተብሎ በየጊዜው የሚሠራጨው የሐሰት ወሬ ለሁላችንም አዲስ አይደለም። የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ያዘናል። «ፎርዋርድ» የሚለውን መጫን ወሬውን በራስ አፍ እንደመናገር ነው። «እኔ አልጻፍኩትም፣ የደረሰኝን ነው ያስተላለፍኩት» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

የሟች ገላ አማና ነው

የጀናዛ አጣቢ ያየውን ነውር እንዲሸፍን ሸሪዓችን በጥብቅ ያስተምራል፤ ለሸፈነው ሰውም ታላቅ ምንዳ ተነግሮለታል። የሟችን አጥንት መስበር በሕይወት ያለን ሰው አጥንት እንደመስበር መሆኑን አቡ ዳውድ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ዑለሞች ከዚህ የሚያወጡት ቁም ነገር የሙስሊም ክብር በሞት አያበቃም የሚል ነው።

እንግዲህ አጣቢ ያየውን በአፉ እንዳይናገር ከተከለከለ፣ በአልጋ ላይ ያለን በሽተኛ ወይም የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሰው ገላ ቀርጾ ለማያውቁት ሺህ ሰዎች ማሳየት እንዴት ይቀላል? ያ ሰው ከሰዓት በፊት ፀጉሩን ሳያበጥር ከቤት አይወጣም ነበር። ያቺ ሴት ያለ ሒጃብ ፎቶ ተነስታ አታውቅም ነበር። አሁን ፈቃዳቸውን መጠየቅ አይቻልም። ፈቃድ የማይጠየቅ ሰው ምስል ላይ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል።

በስደት መንገድ ላይ የሚደርሰው ግፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። በሊቢያ ያሉ አጋቾች ስደተኞችን ሲያሠቃዩ ቀርጸው ቪዲዮውን ለቤተሰብ በመላክ ገንዘብ እንደሚጠይቁ የታወቀ ነው። ግፉ እንዲታወቅ መፈለግ ትክክል ነው። ግን ቪዲዮው ለሚመለከተው አካልና ለቤተሰቡ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ከዜማ ጋር ተቀናብሮ ለእይታ መለቀቁ ሌላ ነገር ነው።

የቀብር ሥርዓትን በቀጥታ ማስተላለፍስ? ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለ ልጅ የአባቱን ጀናዛ ኮልፌ ሲቀበር በስልክ ማየቱ ልቡን የሚያሳርፍለት ሊሆን ይችላል። ቀራጩ የሟችን ፊትና ገላ ካላሳየ፣ የሚያለቅሱ ሰዎችን ፊት እየተከተለ ካልቀረጸ፣ ቀብሩንም ወደ ትዕይንት ካልቀየረው፣ ለቤተሰቡ ብቻ በግል መላኩ ከአደባባይ ስርጭት የተሻለ ነው። አንድ ሰው ስልኩን ይያዝ፤ ሌላው ዱዓ ያድርግ፤ አፈር ያልብስ።

በዚህ አጋጣሚ ብዙዎች የሚጠይቁት አለ፦ «በስክሪን እያየሁ ኢማሙን ተከትዬ ሶላተል ጀናዛ መስገድ እችላለሁ?» አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለሞች በሌላ ከተማ ካለ ኢማም ጀርባ በስክሪን መከተል አይሆንም ይላሉ፤ ኢማምና ተከታይ በአንድ ስፍራ መገናኘት አለባቸውና። ሩቅ ያለ ሰው በራሱ ሶላቱል ጋኢብ መስገዱ ላይ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች የነጃሺን ሐዲስ ይዘው ይፈቅዳሉ። ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ያ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተለየ ነበር ብለው አይፈቅዱም። ኢብኑ ተይሚያና ሌሎችም ባለበት ሀገር ላልተሰገደበት ሰው ብቻ ነው የሚሰገደው ይላሉ። በሀገራችን ሻፊዒዮችም ሐነፊዮችም ስላሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት መልስ ቢሰማ መጨቃጨቂያ ሊሆን አይገባም። በዱዓ ላይ ግን ልዩነት የለም። ዱዓ ቪዛም ኔትወርክም አይፈልግም።

ተዕዚያ በጽሑፍ፣ ምግብ በእጅ

ተዕዚያ ማለት ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ ሶብር እንዲያደርግ ማገዝና ለሟች ዱዓ ማድረግ ነው። ይህ በጽሑፍም፣ በድምፅ መልእክትም፣ በስልክ ጥሪም ይደርሳል። ሩቅ ላለ ሰው ስልክ ትልቅ ኒዕማ ነው። በኮቪድ ወቅት ሰው ከሰው መገናኘት ሲከለከል ብዙ ቤተሰብ የተጽናናው በዚህ መንገድ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው መምጣት የሚችለው ሰውም በጽሑፍ ሲብቃቃ ነው። የሙእታ ዘመቻ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በተካሄደ ጊዜ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተሰዉ። እኚህ በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ ኢስላም የተናገሩት ሰሓቢ ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሞታቸው ዜና ሲደርስ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ሐዘን ይዟቸዋልና። ከዚህ ሱና የምንማረው ተዕዚያ የሚበላና የሚጨበጥ ነገርም እንዳለው ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ውሃ መቅዳት፣ ሰነድ ለማስጨረስ ቢሮ መመላለስ፣ እነዚህን የአለቃቀስ ምልክት ልኮ መተካት አይቻልም። በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ቤት ከሆነ እንሂድ። መልእክቱን በመንገድ ላይ እንጽፈዋለን።

ሌላው ሐዘን የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሚስት ለባሏ አራት ወር ከአሥር ቀን ካልሆነ በቀር ሴት ለማንም ከሦስት ቀን በላይ ኢሕዳድ እንዳትይዝ በሐዲስ ተነግሯል። ይህ ልብ በሦስት ቀን ይርሳ ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል፤ እንባ ራሕመት ነው። የተከለከለው ፊትን መምታት፣ ልብስን መቅደድና የዋይታ ንግግር ነው። ኑሮ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው እንዲመለስ ሸሪዓ በር ይከፍታል።

ስልካችን ግን ይህን በር መልሶ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ፌስቡክ ከዓመታት በፊት የለጠፍነውን «ትውስታ» ብሎ ያመጣል፤ ሐዘኑ የቀለለለት ሰው ሳያስበው የሟች ልጁ ፎቶ ፊቱ ይደቀናል። ይህን ማስቆም ይቻላል። በፌስቡክ የትውስታ ማስተካከያ ውስጥ አንድን ሰው ወይም የተወሰኑ ቀኖችን መደበቂያ አለ። ወጣቶች ይህን ለሐዘንተኛ ወላጅ ወይም አክስት አስተካክለው ቢሰጡ ትንሽ የማትመስል ትልቅ ኺድማ ናት።

በመምህርነት ሳለሁ ካስተማርኳቸው ተማሪዎች አንዱ ከዓመታት በኋላ በሕመም ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። የክፍሉ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ስለነበራቸው ስሙን ከዝርዝሩ የሚያወጣ ደፋር ጠፋ። በዒድ ቀን «ዒድ ሙባረክ» ብለው በግሉ የሚጽፉለት ነበሩ። አንድ ቀን ብዙዎቹ ስልክ ላይ ስሙ «ቴሌግራም ተቀላቀለ» ብሎ ብቅ አለ። አንዷ ተማሪ እየተንቀጠቀጠች ደወለችልኝ። የሆነው ነገር ቀላል ነበር። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት የስልክ ቁጥር ወደ ቴሌኮሙ ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። አዲሱ ሰው በዚያ ቁጥር ቴሌግራም ሲከፍት ቁጥሩን በሟች ስም የያዙ ስልኮች ሁሉ የሟችን ስም ያሳያሉ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከድንጋጤ ያድናል። ከጥቃትም ያድናል፤ በሟች ስም ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣ ከሌላ ሰው እጅ መሆኑን እንረዳለን። ለሟች ቤተሰብ ተብሎ በሚሰበሰብ ገንዘብ ላይም እንዲሁ ነው። የተላለፈልን ጽሑፍ ላይ ያለው የሒሳብ ቁጥር በመንገድ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ለቤተሰቡ ሳንደውል አናስገባ።

ሙታንን «የሚያናግር» ማሽን

እ.ኤ.አ. በ2020 የደቡብ ኮሪያው ኤምቢሲ ቴሌቪዥን አንዲት እናት የሞተች ትንሽ ልጇን በምናባዊ መነጽር «ስታገኛት» የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አማዞን አሌክሳ የተባለው የድምፅ ረዳቱ በሞተች አያት ድምፅ ለልጅ መጽሐፍ ሲያነብ በአንድ ጉባኤ ላይ አቀረበ። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሰው በሕይወት ሳለ የተወውን ድምፅ፣ ፎቶና ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ይማራል፤ ከዚያ ሰውየው ሊናገረው ይችል ነበር ብሎ የገመተውን አዲስ ቃል በሰውየው ድምፅ ያሰማል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አባታችን ቁርኣን ሲቀራ የተቀዳውን ድምፅ መስማት እሱ በእውነት ያለውን መስማት ነው። ማሽኑ የሚፈጥረው ቃል ግን አባታችን ያላለው ነው። በሞተ ሰው አፍ ያላለውን ማስገባት ውሸት ነው፤ ሊያስተባብልም አይችልም። ከዚህም በላይ ሙስሊም ሟች በበርዘኽ እንዳለ፣ ከኛ የሚጠቅመውም ዱዓ፣ ኢስቲግፋርና ሰደቃ መሆኑን ያምናል። «አባዬ፣ ናፍቀኸኛል» ብላ ለማሽን የምትናገር ልጅ ያንን ጊዜ «ያ አላህ፣ አባቴን ማርልኝ» ብትልበት ለእሷም ለእሱም የሚደርስ ነገር ይኖራል።

ፒን ያለው ሁሉ ወራሽ አይደለም

ወደ ገንዘብ እንምጣ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ካስጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ኪስ ወደ ስልኩ ገብቷል። የባንክ መተግበሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ብዙ አባቶች ስልክ መነካካት ስለሚከብዳቸው ፒናቸውን ለአንድ ልጃቸው ይሰጣሉ። አባት ሲሞቱ ያ ልጅ ገንዘቡን ማውጣት ይችላል። ጥያቄው ግን መቻሉ ሳይሆን መብቱ ነው።

ሰው ሩሑ እንደወጣች ንብረቱ ከእጁ ወጥቷል። ፊቅህ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ የትጥበት፣ የከፈንና የቀብር ወጪ፤ ቀጥሎ ዕዳ፤ ቀጥሎ ከሢሶ የማይበልጥ ወሲያ፤ የቀረው ለወራሾች አላህ በሱረቱ ኒሳእ 11ኛ፣ 12ኛና 176ኛ አንቀጾች በደነገገው ድርሻ። ፒን በሕይወት ዘመን የተሰጠ የውክልና ያህል ነው፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። በመካከል አቅመ አዳም ያልደረሱ ወራሾች ካሉ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ እሳት ወደ ሆዱ እንደሚያስገባ ቁርኣን ያስጠነቀቀው በዚያው ሱራ 10ኛ አንቀጽ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ምንድን ነው? ገንዘቡ እንዳለ ይቆይ። የሞት የምስክር ወረቀት ይውጣ፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይያዝ። በሀገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ ናቸው፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የውርስና የወሲያ ጉዳይን ያያሉ። ከዚያ በማረጋገጫው መሠረት ከባንኩና ከቴሌኮሙ ይጠየቃል። ለቀብር ከቤተሰቡ አንዱ ከኪሱ ካወጣ ደረሰኙን ይያዝ፤ ከውርሱ ላይ ቀድሞ ይመለስለታል።

በዓረብ ሀገራት የሚሠሩ እህቶቻችን ጉዳይ በተለይ ሊነሳ ይገባል። ብዙዎቹ ያጠራቀሙትን የሚልኩት በወንድም፣ በእህት ወይም በጓደኛ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ነው። ሰነዱ የሚለው የወንድምየውን ስም ነው። ገንዘቡ ግን የእሷ አማና ነው፤ ብትሞት ውርሷ ነው። እናቷ፣ አባቷ፣ ልጇና ባሏ ድርሻ አላቸው። ለዚህ ያለው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ በስልኳ ውስጥ ያለ የድምፅ መልእክት ነው፦ «ይቺን ለቤት መሥሪያ አስቀምጥልኝ» የሚል። ስለዚህ የሟችን ስልክ ቶሎ አጽድቶ ለታናሽ መስጠት ወይም መሸጥ ትልቅ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ዕዳና አማና ተጣርቶ እስኪያበቃ ስልኩም ሲም ካርዱም ይቀመጡ። ዋትስአፕ ለ120 ቀን ያህል ያልተገናኘን አካውንት እንደሚሰርዝ፣ ጉግልም ለ2 ዓመት ያልተነካን አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል ማወቅም ይጠቅማል።

ዕዳን አቅልለን አንየው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ጥሎ በሞተ ሰው ላይ ራሳቸው ሳይሰግዱ ሰሓቦች እንዲሰግዱ ባሉ ጊዜ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰገዱበት። ዛሬ ብዙው ብድር «2,000 ላክልኝ፣ ደመወዝ ሲገባ እመልሳለሁ» የሚል አንድ መስመር መልእክት ነው። አበዳሪው አፍሮ ሳይጠይቅ፣ ወራሹ ሳያውቅ ይቀራል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛ፣ ብድርን ስለ መጻፍ መሆኑን እናስታውስ።

ሰው ሄዶ ገጹ ሲቀር

ሰው ሲሞት ሥራው የሚቋረጠው ከሦስት ነገሮች በቀር መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፦ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ። በሌላ ሐዲስ ደግሞ መልካም መንገድ የጀመረ የተከተሉትን ያህል ምንዳ እንዳለው፣ መጥፎ መንገድ የጀመረም የተከተሉትን ያህል ወንጀል እንዳለበት ተነግሯል። ቀድሞ ይህን ስንሰማ የውሃ ጉድጓድ፣ መስጂድና ኪታብ ይታሰበን ነበር። አሁን ማንኛችንም በኪሳችን ይዘነዋል። አንድ ኡስታዝ የለቀቀው የተጅዊድ ትምህርት እሱ ከሞተ በኋላም ሰው ያስተምራል። ቀልድ ተብሎ የተለቀቀ የሰው ስም ማጥፊያ ቪዲዮም እንደዚሁ ይዞራል።

ድርጅቶቹ ለዚህ ያዘጋጁት መንገድ አለ። ፌስቡክ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ከሞት በኋላ ገጻችንን የሚይዝ ሰው እንድንመርጥ ወይም ገጹ እንዲሰረዝ እንድናዝ ይፈቅዳል። የተመረጠው ሰው የግል መልእክቶቻችንን ማንበብ አይችልም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አካውንታችን ለመረጥነው ወራት ያህል ካልተነካ ለመረጥነው ሰው እንዲያሳውቅ ወይም እንዲሰርዘው ማዘዝ አስችሏል። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ተመሳሳይ አሠራር ጀምሯል። ሦስቱም የሚሠሩት ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካስተካከላቸው ነው።

የዲጂታል ወሲያ

የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ተጽፎ ከእሱ ዘንድ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ያስተምራል። እሳቸውም ይህን ከሰሙ በኋላ ወሲያቸው ሳይኖር አንድም ሌሊት አላለፈባቸውም። እኛስ? ስልካችን በየሌሊቱ ቻርጅ ላይ ይደራል፤ ወሲያችን ግን የለም።

በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን እንጻፍ፦

1. ያለብን ዕዳ፣ የአበዳሪው ስምና መጠኑ፤ ያለን ተበዳሪም እንዲሁ።
2. በእጃችን ያለ የሰው አማና፤ በሌላ ሰው ስም ያስቀመጥነው የራሳችን ገንዘብም።
3. በየትኞቹ ባንኮችና የስልክ ሒሳቦች ገንዘብ እንዳለን። ፒኑን መጻፍ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ መኖሩን ማሳወቅ ይበቃል።
4. ስልኩን ማን ይክፈተው? ዕዳና አማናን ብቻ አይቶ ሌላውን የሚሸፍን ታማኝ ሰው ይመረጥ። በስልካችን ውስጥ ያለው የሌሎች ምስጢርም ነው።
5. የትኛው ገጽ ይሰረዝ፣ የትኛው ይቆይ?
6. ስንሞት ምን እንዳይደረግ እንፈልጋለን? ለምሳሌ የጀናዛችን ምስል እንዳይለጠፍ።

ወረቀቱን ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ለታመነ ሰውም ይሰጥ። በቴሌግራም አንላከው። ለወራሽ ከድርሻው በላይ በወሲያ መስጠት እንደማይቻል አንዘንጋ። ቢያንስ በየረመዳኑ እያወጣን እናድሰው፤ የተከፈለውን ዕዳ እንሰርዝ፣ አዲሱን እንጨምር።

ከወረቀቱ በፊት የሚመጣ አንድ ሥራም አለ። እጃችን ገና ሲንቀሳቀስ፣ ፒናችንን ገና ስናስታውስ፣ ብንሞት የምናፍርበትን ዛሬውኑ እናጥፋው። ያስቀየምነውን ሰው በዚያው ስልክ ደውለን ይቅርታ እንጠይቅ። ነገ ልጆቻችን ያንን ሊያጠፉልን አይችሉም፤ ይቅርታውንም ሊጠይቁልን አይችሉም።

አላህ ቀድመውን የሄዱትን ይማርልን፤ ቀብራቸውን የጀነት ጨፌ ያድርግላቸው። ለሐዘንተኞች ሶብሩን ይስጥ። መጨረሻችንንም ያሳምርልን። ወላሁ አዕለም።